ጋሼ ይሻው መቅጃው ፊት

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጉም ከጉና ተራራ ወርዶ ግቢውን ሞልቶት ነበር፤ ዝናቡ ግን ገና አልጣለም።

ድንቅነሽ የድምፅ መቅጃዋን ባለሦስት እግር ዱካ ላይ አስቀምጣ አጎቷን ጠበቀች። ጋሼ ይሻው ከጓዳ ሲወጡ ኮት ለብሰዋል። ያን ጊዜ ነገር እንደተበላሸ ገባት።

ድንቅነሽ በዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ሥነ ልሳን ተምራለች። አብረዋት ከተመረቁት አንዱ ሬዲዮ ላይ ዜና ያነባል፤ አንዷ ፍርድ ቤት ታስተረጉማለች፤ ሁለቱ ደብረ ታቦር ላይ ባጃጅ ይነዳሉ፤ ከተሳፋሪ ጋር የሚይዙት ወግ ግን የተማረ ሰው ወግ ነው ይባላል። እሷ ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጋ አሁን ገና አንድ በር ገርበብ ብሎላታል። ስልክ የገበሬውን አነጋገር እንዲለይ የሚያሠለጥን አንድ ድርጅት፣ እስከ ዓርብ አሥር ደቂቃ እውነተኛ የደጋ ወሬ ካመጣች ሊቀጥራት ነው። ወሬው ማንም እንደማይሰማው ሆኖ የሚናገር ሰው ወሬ መሆን አለበት። ዛሬ ሐሙስ ነው። በአገሩ ደግሞ የጋሼ ይሻውን ያህል ወሬ የሚያውቅበት የለም።

"ይጀምሩ፣ ጋሼ። እንደ ወትሮው።"

ጋሼ ይሻው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዘጠኝ ዓመት የቀበሌ ሊቀ መንበር ነበሩ።

"በቅድሚያ ይህንን መድረክ ላመቻቸልን አካል ያለኝን ምስጋና እያቀረብሁ፣ በገብሱ ዘርፍ የተመዘገቡ ውጤቶችን ከነበሩብን ውስንነቶች ጋር አያይዤ..."

"እንደዚያ አይደለም፣ ጋሼ። ቤት ውስጥ እንደሚያወሩት።"

"ቤት ውስጥማ ባለቤቴ ናት የምታወራው።"

"እሺ፣ ስለ ልጅነትዎ ያጫውቱኝ።"

"በወቅቱ የሕፃናት አያያዝ ክፍተት የነበረበት ሲሆን..."

አርባ ደቂቃ ተቀዳ። ስለ ጅብ ብትጠይቃቸው የአካባቢውን የፀጥታ ሁኔታ ገመገሙላት። ስለ ሠርጋቸው ብትጠይቃቸው፣ "በሁለቱ ወገኖች መካከል የጋራ መግባባት ላይ ተደርሷል" አሏት።

ይህን ጊዜ ከሁለቱ ወገኖች አንዷ፣ ባለቤታቸው እትዬ አዛለች፣ በሩን በርግደው ገቡ።

"አንተ ሰውዬ! በሬህ የጎረቤታችንን የባዩን ገብስ ይግጣል፣ አንተ እዚህ ኮት ለብሰህ ትሰበሰባለህ?"

"የቱ በሬ?"

"ቀዩ ነዋ! ስንት በሬ ኑሮህ ነው?"

"ማን ፈታው?"

"ማን አሰረውና! እንደ ጫማ ክር ሸብ አድርገኸው!"

"ባዩስ ቢሆን አጥር አጥሯል? ያ ሰነፍ! ያ ፀሐይ ካልሞቀችው የማይነሳ! ፍየሉ ጎመኔን ስትጨርስ እኔ ምን አልሁ?"

"ምን ያላልኸው አለ! እስከ ሰባት ቤቱ ነው የሰደብኸው!"

ወደ በሬው የሄደ የለም። ከበሬው ወደ አጥሩ፣ ከአጥሩ ወደ ባዩ፣ ከባዩ ወደ ባዩ አማት ተሻገሩ። ድንቅነሽ መቅጃውን ሳታጠፋ ተቀምጣለች። በአራት ዓመት ትምህርቷ እንዲህ የተዋጣለት ስድብ አልሰማችም። ጭቅጭቁ በተጀመረ በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ጋሼ ይሻው የመቅጃውን ቀይ መብራት አዩ።

"ይሄ ይሰማ ነበር?"

"ካልፈረሙልኝ አጠፋዋለሁ" አለች ድንቅነሽ፤ የፈቃድ ቅጹን ዘረጋች።

"አጥፊው! ባዩን እንዲያ ብየ ስልክ ውስጥ ልቀመጥ?"

"የሰው ስም ሁሉ ይቆረጣል።"

"የበሬውስ?"

"የበሬው ይቀራል። ጋሼ፣ ይህ ከጠፋ ሥራውም ጠፋ።"

"አምጪ፣ እኔ እፈርማለሁ" አሉ እትዬ አዛለች። "ከተናገርሁት ሐሰት የለበትም።" ፈረሙ።

ጋሼ ይሻው ቅጹን አገላብጠው አዩት።

"የመጀመሪያው ንግግሬስ?"

"እሱን ድርጅቱ አልፈለገውም።"

"እንግዲያው እኔም አልፈርም! ሰው ስድቤን ሰምቶ ንግግሬን ሳይሰማ?"

ድንቅነሽ ወደ ድርጅቱ ኃላፊ ወደ ትዕግሥት ደወለች። ትዕግሥት ሁሉንም ሰምታ ጠየቀች።

"ንግግሩ ስንት ደቂቃ ነው?"

"አርባ።"

"አርባ?" ተነፈሰች። "አምጪው። ስልኩም ስብሰባ መልመዱ አይቀርም።"

ጋሼ ይሻው ሙሉ ስማቸውን ከነአያታቸው ጽፈው ፈረሙ፤ ከዚያም በሬውን ሊያመጡ ወጡ።

ዓርብ ረፋድ ላይ ድንቅነሽ የስድስት ወር ውል ፈረመች።