ክብደት ያለው ሰው

መዝገብ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት የተቀመጠ ሰው፣ ልጆቼ፣ ወንበሩን እየመሰለ ይሄዳል። ይኼኛው ግን ከወንበሩም ተርፎ ነበር። ከታችኛው መደርደሪያ ፋይል ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ባልደረቦቹ፣ "ተው ተው፣ ከወረድክ ማን ያነሳሃል!" ይሉታል። አብሯቸው ይስቃል። ሆድ ይፍጀው ብሎ የተወው ነገር ብዙ ነው፤ ሆዱ ደግሞ ሰፊ ነው።

አንድ ቀን የሚስቱ ታናሽ ወንድም ደወለለት። ይህ አማቹ ከመካኒክ ጓደኛው ጋር አሮጌ ፒክአፕ አድሶ፣ በየእሑዱ መንገድ የሌለበትን ቦታ እየፈለገ የሚነዳ ነው።

"ጋሼ፣ እሑድ አብረኸን ውጣ። ክብደት ያለው ሰው ያስፈልገናል።"

ክብደት ያለው ሰው! በዕድሜው እንዲህ ብሎት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እሑድ ጠዋት ኮቱን ለብሶ፣ ጫማውን ወልውሎ ደረሰ። ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ ውጣ ሲሉትም ቅር አላለውም። አለቃ መቼ ከሾፌር አጠገብ ይቀመጣል?

ከአስፋልቱ ሲወርዱ የመጫኛውን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨመደደ። አንድ ድንጋያማ ዳገት ላይ መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀስራ፣ የኋላ ጎማዋ በባዶ መሽከርከር ጀመረ።

"ዝለል ጋሼ! እዚያው ዝለል!" አለ መካኒኩ።

ዘለለ። ጎማው መሬቱን ነከሰ፣ ወጡ። ከላይ ሆኖ ሲያይ ሸለቆው ከእግሩ ሥር ተዘርግቷል፤ ነፋሱ ፊቱን ይመታዋል፤ ኮቱ የአፈር ቀለም ይዟል። ሰውየው እንደ ሕፃን ሳቀ።

"ሌላ ዳገት የለም?" አለ።

ከዚያ ወዲህ እሑድ አላመለጠውም። አሸዋ ሲመጣ የጎማ ንፋስ እንደሚቀነስ፣ ወንዝ ሲመጣ አስቀድሞ በእግር ገብተው በዱላ እንደሚለኩት ተማረ። ሰኞ ሰኞ በፋይሎቹ ቁልል ላይ ጣቶቹን እንደ መኪና ሽቅብ ሲነዳ ባልደረቦቹ ያዩት ነበር።

ዝናቡ ገብቶ ጭቃው ሜዳውን ሲዘጋ ጉዞው ለአራት ወር ቆመ። ገና ከመቆሙ፣ ዝናቡ ሲያባራ የስምንት ቀን የበረሃ ጉዞ ይኖራል ተባለ። እሱም የዓመት ፈቃድ ቅጹን ሞላና፣ ለበረሃ የሚመጥን ሰው ልሁን ብሎ ተነሳ። ሥራ በእግሩ መሄድ ጀመረ። እራት ተወ። ቀበቶው አራት አዲስ ቀዳዳ ተበሳ፤ ሠላሳ ኪሎ ያህል ወረደ።

"አንተ ሰውዬ፣ ሌላ ሴት አየህ እንዴ?" አለችው ሚስቱ።

"በረሃ አየሁ" አላት።

የጉዞው ጠዋት ሻንጣውን አንጠልጥሎ ሲደርስ መካኒኩ እንደ ተጋጨ መኪና ዞሮ ዞሮ አየው።

"ታመምክ እንዴ?"

"ተዘጋጀሁ እንጂ!"

መካኒኩ ብብቱ ሥር ገብቶ ብድግ አደረገውና መልሶ አስቀመጠው። "ኧረ ይሄ ባዶ ነው!" አለ።

አማቹ መሬት መሬቱን አየ። "ጋሼ፣ እኛ እኮ የጠራንህ የመኪናዋ ኋላ እንዳይቀልብን ነበር።"

"ክብደት ያለው ሰው አላልከኝም?"

"አልኩህ። ያኔ ነበረህ።"

መካኒኩ ሳቁ አንቆት በሩ ላይ ተደገፈ። "አሸዋ በጆንያ እንጭናለን። አሸዋ ውኃ አይጠጣም፣ ሌላ ዳገት የለም ወይ ብሎም አይጨቀጭቅም። ና እስቲ ጋሼ፣ ጫፉን ያዝልኝ።"

ያዘ። ምን ያድርግ? ሦስት ጆንያ አሸዋ አብሮ ጫነ። መካኒኩ ወደ መሐል ሲወረውራቸው እሱ ከጎማው በላይ አስጠግቶ ደለደላቸው፤ የት እንደሚቀመጥ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለማ።

"እህቴን ሰላም በልልኝ" አለ አማቹ፣ ሞተሩን አስነስቶ። ሄዱ።

አቧራው እስኪረጋ ቆመ። ቁጣ ይመጣል ብሎ ጠበቀ፤ አልመጣም። የመጣው ዳገቱ ነው፣ ያ ነፋስ፣ ያ ሸለቆ።

ማዕዘኑ ላይ ካለው ዳቦ ቤት ገባና ስምንት ዳቦ አዘዘ። ሳይቀመጥ፣ ሻንጣውን በእግሮቹ መሐል አድርጎ፣ አንዱን ጨረሰ፤ ሁለተኛውን ጀመረ። አራት ወር ረሃብ የለመደው ሆዱ እንቢ ሲለው በእንባ እያራሰ ዋጠው።

ባለ ዳቦ ቤቷ ደነገጠች። "ምነው ጋሼ፣ ይታነቃሉ እኮ! ማን አባረረዎት?"

"መንገድ አለብኝ" አላትና ሦስተኛውን ገመጠ።