ለአራት የተቆረጡት ባልና ሚስት

መምህር ባህሩ ሮማ ሦስት ዓመት ተምሮ ሲመለስ ይዞ የመጣው ሦስት ነገር ነው፤ አንድ ሹል ጫማ፣ አንድ ዳጎስ ያለ ባለሥዕል መጽሐፍ፣ እና ጣቶቹን ገጥሞ እያወዛወዘ የማውራት ልማድ። ጫማውን የሐዋሳ ጭቃ (ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት) በሁለት ክረምት በላው። ልማዱ አልለቀቀውም። መጽሐፉን ግን እንደ ዓይኑ ብሌን ነበር የሚጠብቀው።

ከመጽሐፉ ደግሞ አንዱ ገጽ ከሁሉም ይበልጥበታል። ከሮማውያን በፊት በዚያው በጣልያን አገር ይኖሩ የነበሩ፣ ኤትሩስካውያን የሚባሉ ሕዝቦች የሠሩት የሸክላ ሐውልት ነው። ባልና ሚስት አንድ አልጋ ላይ በክርናቸው ተደግፈው ጋደም ብለዋል። ባል እጁን በሚስቱ ትከሻ ላይ ጣል አድርጓል፤ ሁለቱም ፈገግ ብለዋል። የመቃብር ሣጥን ነው ቢባል ማን ያምናል? ግብዣ ላይ ያሉ ነው የሚመስሉት።

"ሮማ ሮማ ትላላችሁ" ይላቸው ነበር ተማሪዎቹን። "ሮማን ቅስት መሥራት፣ ቤተ መቅደስ ማቆም ያስተማሯት እነዚህ ናቸው። እብነ በረድ አልሞላልንም ብለው እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። አማልክታቸውን ሳይቀር ከሸክላ ሠርተው ጣራ ላይ አቆሟቸው።" ተማሪዎቹ ደወል ከተደወለ በኋላ የሚያስታውሱት የጣቶቹን ውዝዋዜ ብቻ ነበር።

ጣጣውን ያመጣበት ይኸው ንግግር ነው። በ1973 ዓ.ም. ክረምት የአብዮት በዓል አዘጋጅ ኮሚቴ ተሰበሰበ። መስከረም ሁለት ቀን አደባባዩ ላይ የሚመረቅ ሐውልት ያስፈልጋል ተባለ። ሲሚንቶ ግን የለም፤ ነሐስማ ማን አይቶት። ሁሉም ወለል ወለሉን ሲያይ ባህሩ ብድግ አለ። "በሸክላ ይሠራል፤ ከሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት በፊት ተሠርቷል። እኔ እሠራዋለሁ" አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መመለሻ የለውም።

በሳምንቱ ንድፉን አቀረበ። ገበሬና ሚስቱ፣ ልክ እንደ መጽሐፉ፣ ጋደም ብለዋል። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጓድ ሸዋንግዛው መነጽሩን አውልቆ ጠራርጎ መልሶ አደረገው።

"ጓድ ባህሩ፣ ገበሬው ተጋድሟል።"

"አዎ፣ ጓድ።"

"ገበሬው ከተጋደመ ምርቱን ማን ሊያመርተው ነው?"

ገበሬው ተነሥቶ አግዳሚ ወንበር ላይ እንዲቀመጥ ተወሰነ። የባልየው እጅ በሚስቱ ትከሻ ላይ እንዲሆን የተፈቀደው የሴቶችን እኩልነት ያሳያል ተብሎ ነው። ፊታቸው ኮስተር እንዲል ግን በቃለ ጉባኤ ሰፈረ። ሸዋንግዛው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሆኖም ሲሰነባበቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ለበዓሉ ካልደረሰ ሰዎች አሻጥር ነው ይላሉ" አለው። በዚያ ዘመን አሻጥር የሚለው ቃል የሰው ዶሴ ውስጥ ከገባ፣ ሰውየውም ተከትሎ የሆነ ቦታ ይገባል።

ባህሩ የሴቲቱን ራስና ደረት ሠርቶ ለሙከራ መናኸሪያ አጠገብ ካለው የወይዘሮ እታፈራሁ ዳቦ ቤት ምድጃ ውስጥ ከተተው። ፈንድቶ የምድጃውን ወለል ሰነጠቀ። ሁለተኛውን፣ ባልና ሚስቱን ከነወንበራቸው፣ ትምህርት ቤቱ ጓሮ ጉድጓድ ቆፍሮ ተኮሰው። ያ ደግሞ በጠራራ ፀሐይ ተራ በተራ እየተንጣጣ ሲፈነዳ፣ የሰፈሩ ሰው ተኩስ መስሎት መሬት ላይ ተኛ፤ የቀበሌ ጥበቃዎች ጠመንጃ ወድረው መጡ። ያገኙት አንድ መምህርና ጭስ የሚተፋ የገበሬ ጉልበት ነበር።

ለበዓሉ ሃያ ቀን ቀረው። ባህሩ እንቅልፍ አጣ፤ ፈራ። ሊያጽናኑት የመጡት የምድጃው ባለቤት እታፈራሁ ነበሩ።

"ልጄ፣ ሊጥ የማቦካበት ጋን ሃያ ዓመት ሆነው፤ ጭረት የለበትም። የሠራችው ቱላ ያለች ታቢታ የምትባል ሴት ናት። ለምን እሷን አትጠይቃትም?"

"እትዬ፣ እኔ እኮ ሮማ ነው የተማርኩት።"

"እሱንማ ምድጃዬ ያውቃል።"

በማግስቱ መጽሐፉን በላስቲክ ጠቅልሎ ከከተማው ወጣ ወዳለችው ቱላ ወረደ። ታቢታ ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ አጠር ያለች፣ ክንዷ እስከ ክርኗ ጭቃ የለበሰ ሴት ናት። ባሏ ኩማ ጭቃውን ይቆፍርላታል፣ እንጨቱን ይፈልጥላታል። አገሩ ሁሉ ዕቃዋን ይገዛል፤ ደጇን ግን አይረግጥም፤ ሸክላ ሠሪ ናትና። ሰው ሁሉ እኩል ነው ተብሎ ከታወጀ ሰነባብቷል፤ አዋጁ ግን ቱላ ድረስ በእግሩ ነበር የሚመጣው። ባህሩም ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ነው የተጣራው።

"ታቢታ አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ። ጋን ነው ማሰሮ?"

ችግሩን በአጥሩ ላይ ነገራትና መጽሐፉን ገለጠ። እጇን በቀሚሷ ጠራረገች፤ ገጹን ሳትነካ ወደ ሥዕሉ ጎንበስ አለች። ባህሩ ጣቶቹን ገጥሞ ስለ ፈገግታው ማብራራት ጀመረ። አልሰማችውም።

"ስንት ያክላል?" አለችው።

"ርዝመቱ ሁለት ሜትር ይጠጋል።"

"እንግዲያ ቆርጠውታል።"

"ምን?"

"ይኸ መስመር" አለች፤ ከወገባቸው በታች አልጋውን ከላይ እስከ ታች የሚያቋርጠውን መስመር በአየር ላይ እየተከተለች።

"እሱ ስንጥቅ ነው። አርጅቶ ነው።"

"መምህር፣ ስንጥቅ እንዲህ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ስንጥቅ ሰካራም ነው፤ እየዞረ ነው የሚሄደው። ይኸ በክር የተቆረጠ ነው። እርጥብ ሳለ ሰዎቹን ለሁለት፣ አልጋውን ለሁለት ቆረጡ፣ አራት አደረጉት፣ ለየብቻ ተኮሱት፣ ኋላ ገጠሙት። ይኸን የሚያክል ሙሉውን እሳት ላይ የሚጥል ሰው የለም።" ትንሽ አሰበችና፣ "ካንተ በቀር" አለች።

ባህሩ መጽሐፉን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። ይህን ገጽ ከአሥር ዓመት በላይ አይቶታል። ሮማ ስለዚሁ ሐውልት ተፈትኖ አልፏል። ስለ ፈገግታው አንድ ሰዓት ሙሉ ማስተማር ይችላል። መስመሩን ግን አንድ ቀን ልብ ብሎ አላየውም። መጀመሪያ አፈረ። ቀጥሎ ሳቁ መጣበት፤ እየሳቀ አጥሩን ዞሮ ገባና የተደፋ ጋን ላይ ተቀመጠ።

"ተነሥ፣ ይሰበራል" አለችው።

"እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር?" አላት።

ታቢታ ማንን እንደሚያናግር ለማየት ወደ ኋላዋ ዞረች። ማንም አልነበረም።

"ማን ነው የሠራው?" ብላ ጠየቀችው ኋላ፣ ኩማ ባቀረበላቸው ቆጮ ላይ ሦስቱም ተቀምጠው።

"አይታወቅም። መጽሐፉም 'ሠሪው ያልታወቀ' ነው የሚለው።"

"እንዲህ አድርጎ ሠርቶ?"

"አዎ።"

"ምን ዓይነት ገዢዎች ናቸው" አለች ታቢታ፤ ከንፈሯን መጠጠች። "የኔንም ስም የሚጠይቅ የለም እንጂ።"

ሥራው ቱላ ላይ ተጀመረ። ታቢታ መጀመሪያ የጠየቀችው የፈነዳውን ገል ነው። ባህሩ በጆንያ አስጭኖ አመጣው። እሷ ወቅጣ ነፍታ ከአዲሱ ጭቃ ጋር ቀላቀለችው። "አንዴ እሳት ያየ አይደነግጥም" አለች። ባህሩ ይህን አባባል ማስታወሻው ላይ ጻፈው፤ ለጭቃው ብቻ አልመሰለውም።

እያየ ሊቀርጽ ታቢታንና ኩማን አግዳሚ ላይ አስቀመጣቸው። ታቢታ ተቀመጠች። ኩማም ተቀመጠ፤ በመካከላቸው ግን አንድ ሰው ያስቀምጣል።

"አባባ ኩማ፣ እጅዎን ትከሻቸው ላይ ጣል ያድርጉ።"

"በሰው ፊት?"

"እኔ ብቻ ነኝ እኮ።"

"አንተስ ሰው አይደለህም?" አለ ኩማ። ሠላሳ አንድ ዓመት በትዳር ኖሯል፤ በሰው ፊት እጇን እንኳ ይዞ አያውቅም። በሠርጉም ቀን አልያዘም። ባህሩ ለምኖ ለምኖ ሲሰለቸው እጁን ከራሱ ልብ ሠራው።

ጭቃው ጠንከር ሲል ታቢታ ከእንሰት የተፋቀ ቃጫ አርጥባ ገመደች፤ አንዱን ጫፍ ባህሩ ያዘ። ገበሬውንና ሚስቱን ከወገባቸው ቆረጧቸው፤ ወንበሩንም እንዲሁ ለሁለት ከፈሉት። ያን ጊዜ ነው የጓድ ሸዋንግዛው ላንድሮቨር ደጁ ላይ የቆመው። ሰውየው ወርዶ የገበሬውን እግር አንድ ጥግ፣ ደረቱን ሌላ ጥግ አየ።

"አርሶ አደሩን ማን ነው ለሁለት የቆረጠው?"

"ለአራት ነው" አለች ታቢታ።

ባህሩ መጽሐፉን ይዞ ሮጠ። መስመሩን አሳየው፤ የጥንት ሠርቶ አደሮች ዘዴ እንደሆነ ተረከለት፤ ጣቶቹ መወዛወዝ ጀመሩ። ሸዋንግዛው ግን ዓይኑን ከታቢታ ላይ አላነሣም።

"ይገናኛሉ?" አላት።

"ይገናኛሉ።"

"መቼ?"

"እሳቱ ሲጨርስ።"

እሳቱ የተለኮሰው ጳጉሜን ሦስት ጠዋት ነው፤ ሌላ ቀን አልነበረም። ኩበት፣ እንጨት፣ ሣር፣ ከላይ ደግሞ ገል ተደረበ። የሩፋኤል ዝናብ መቅረት አያውቅምና እኩለ ቀን ላይ ሰማዩ ጠቆረ። ታቢታና ኩማ ሣሩን ሲደርቡ፣ በሮማ የተማረው ሰው ጃንጥላ ዘርግቶ እሳቱን እየዞረ ይከልል ነበር፤ ጃንጥላው ከታች ተቃጠለ፣ እሱ ከላይ በሰበሰ። ዝናቡ ዶፉን ሐይቁ ላይ አወረደው እንጂ ቱላን በካፊያ አለፋት።

በማግስቱ አመዱን ገለጡ። ታቢታ አራቱንም በጣቷ አንጓ ኳ ኳ አደረገች። አራቱም እንደ ደወል ጮሁ። ባህሩ መጽሐፉን ደረቱ ላይ አቅፎ አለቀሰ፤ አላፈረም።

መስከረም ሁለት አደባባዩ በሰው ሞላ። ሸዋንግዛው ጨርቁን ሳበው። ባልና ሚስቱ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል፤ መገጣጠሚያቸው ላይ ጸጉር አይገባም። ፊታቸው ግን በቃለ ጉባኤ እንደሰፈረው አልነበረም። አንድ እርጥብ አውራ ጣት፣ ማንም ሳያይ፣ አራቱን የከንፈር ጫፎች ሽቅብ አንሥቷቸዋል።

"ለምንድን ነው የሚስቁት?" አለ ሸዋንግዛው በሹክሹክታ።

ባህሩ ታቢታን ፈለገ። ከሰዉ ኋላ፣ ከኩማ አጠገብ ቆማ ደመናውን ታያለች።

"መሬት ላራሹ ስለታወጀ ነው፣ ጓድ። ማልቀስ ነበረባቸው?"

ሸዋንግዛው አጨበጨበ፤ አደባባዩም ተከተለው። ከዚያ ሰሌዳው መጣ። የጽሕፈት ቤቱ ቀለም ቀቢ አሳምሮ ጽፎ፣ ብሩሹን ሳያስቀምጥ ይዞት ቀርቧል፦ "ሠሪ፦ ጓድ ባህሩ"። ሸዋንግዛው ወደ ባህሩ ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ ሥራው ከነሠሪው ለአዲስ አበባ ኤግዚቢሽን እንደታጨ ነገረው። የአሻጥሩ ነገር ቀርቶ ሽልማት ሆነ።

ባህሩ ሰሌዳውን አየው። የገዛ ስሙ ደስ ይላል፤ ለምን ይዋሻል። ግን ወዲያው የመጽሐፉ ገጽ ትዝ አለው፤ ከሥዕሉ ሥር ያለችው፣ 'ሠሪው ያልታወቀ' የምትለው ያቺ አጭር ጽሑፍ። የቀለም ቀቢውን ብሩሽ ከእጁ ወሰደና ስሙን ሰረዘው። በላዩ ላይ በትልልቅ ፊደል ጻፈ፦ "ሠሪ፦ ታቢታ፣ የቱላ ሸክላ ሠሪ። ረዳት፦ ባህሩ።"

"ጓድ፣ አዲስ አበባ እሷ ትሂድ" አለ።

ሰዉ ዞር ብሎ መንገድ ከፈተ። ታቢታ ወደ ፊት መጣች። መሠረተ ትምህርት የተማረችው ገና አምና ነው፤ ሰሌዳው ፊት ቆማ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ታ። ቢ። ታ። ደግማ አነበበችው፤ ሦስተኛም።

ኩማ ተከትሏት መጥቶ ነበር። ማንበብ አይችልም፤ የሚስቱን ጣት ግን ያያል፤ ፊቷንም ያያል። ከበስተኋላው የአዋሳ ሰው ሁሉ ቆሟል፤ ሸዋንግዛው፣ እታፈራሁ፣ ተማሪው፣ የቀበሌ ጥበቃው። ኩማ ጉሮሮውን ጠረገና እጁን በሚስቱ ትከሻ ላይ ጣል አደረገ።