ከሦስተኛው ጉድጓድ ወዲያ

የደብረ ማርቆስ ምሽግ አዛዥ ሻለቃ ፔሩቺ ለአለቆቹ ባስተላለፈው ወሬ፣ የጎጃም ሕዝብ ጎልፍ የሚባለውን የፈረንጆች ጨዋታ እንደ ነፍሱ ወዶታል ብሎ ነበር። ደግ ሰው ነው፤ ሕዝቡ ያላሰበውን ሁሉ ያስብለታል። ችግሩ፣ ይህን የሰማ አንድ ኮንቴ፣ ከሮም መኳንንት አንዱ፣ የጨዋታ ዱላዎቹን በቆዳ ከረጢት አሸክሞ «እስቲ ጎልፍ ወዳዱን ሕዝብ አሳየኝ» እያለ መምጣቱ ነው።

ሕዝቡ ሲፈለግ እስር ቤት ተገኘ።

እንዳላማው የይጁቤ ገበሬ ነው። የታሰረው ለሚስቱ ወንድም ለአበረ ስንቅ አቀብለሃል ተብሎ ነበር፤ አበረ ጠላትን ሊወጋ ጫካ ከገባ ከርሟል። ስንቁን ማቀበሉ እውነት ነው። አላቀበልኩም ብሎ የማለውም ደህና አድርጎ ነው። አስተርጓሚው ወልደ ሩፋኤል በሩን ከፍቶ ሲገባ ሊሰቅሉት የመጡ መስሎት ጸሎት ጀመረ።

«ድሮ በገና ጨዋታ አገሩን ታስጨንቅ የነበርከው አንተ ነህ?» አለው ወልደ ሩፋኤል።

«ይሄም ወንጀል ሆነ እንዴ?»

«ተነሥ፣ ፊትህን ታጠብ። ዛሬ የጣልያን ገና ትጫወታለህ።»

ሜዳው ከምሽጉ ጀርባ ያለ የቤተ ክርስቲያን ግጦሽ ነበር። መግቢያው ላይ ሰሌዳ ቆሟል፤ ወልደ ሩፋኤል «ታሪካዊው የተራራ መዝናኛ» ብሎ አነበበለት። ታሪኩ የሚጀምረው ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ታሪክ የሌላቸው ላሞች ይግጡበት ነበር።

እንዳላማው የኮንቴውን አጨዋወት ቆሞ አየ። በገና ጨዋታ የመንደሩ ወንድ ሁሉ ለአንዲት የእንጨት ሩር ይላተማል፤ ቅልጥሙ ሳይላጥ ቤቱ የሚገባ የለም። ይኼ ሰውዬ ግን ኳሷን ብቻውን ይመታታል፣ ብቻውን ይከተላታል፣ የሚቀማው የለም። ለአንዲት ከእንቁላል ለምታንስ ኳስ አንድ ከረጢት ሙሉ ዱላ ይዟል። በመጨረሻ ጉድጓድ ውስጥ ሲከታት ሁሉም አጨበጨበ። ከዚያ አወጣት።

«ሊያወጣት ነው የከተታት?» አለ እንዳላማው ቀስ ብሎ።

«ዝም በል። ሥልጣኔ ነው።»

ተራው ሲደርስ የብረት ዱላ ሰጡት። እንደለመደው አገላብጦ ቢመታት ኳሷ እየጮኸች ሄደች። ኮንቴው «ብራቮ!» አለ። ሻለቃው እንዳላማውን እሱ የወለደው ይመስል ደረቱን ነፋ።

ከሦስተኛው ጉድጓድ ወዲያ የሽቦ አጥር ነው። የቀሩት ጉድጓዶች ጥገና ላይ ናቸው ሲል ሻለቃው ለእንግዳው አስረዳ። ጠጋኞቹ ጠመንጃ የታጠቁ አርበኞች መሆናቸውን ሳይነግረው ቀረ። ከሽቦው ማዶ ወንዝ አለ፤ ከወንዙ ማዶ ዳገትና የጥድ ጫካ። ያንን ጫካ ሲያይ የእንዳላማው ልብ ዘለለ። አሳቡ መቼ እንደመጣለት በኋላም መናገር አልቻለም፤ ብቻ እግሩን ወደ ሽቦው አዙሮ፣ እስር ቤት ያጠራቀመውን ንዴት ሁሉ በዱላው አወረደው። ኳሷ ከአጥሩ በላይ አልፋ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባች።

ኮንቴው ደስ አለው። በጎልፍ ሕግ ኳስ የሚመታው ካረፈበት ነው፤ እንሂድ አለ።

«ጭቃ ነው፣ ክቡርነትዎ» አለ ሻለቃው።

«ጭቃ እወዳለሁ።»

የሻለቃው ፊት አመድ መሰለ። ግዛቱ ሽቦው ጋ እንደሚያልቅ ይናገር ወይስ የሮምን መኳንንት ለጥይት ይስጥ? ግራ ሲገባው እንዳላማው ላይ ጮኸ።

«ሂድና ፈልጋት ነው የሚሉህ» አለ ወልደ ሩፋኤል። ዐይን ዐይኑን እያየም ጨመረ፤ «ሳታገኛትም እንዳትመለስ ብለዋል።»

ሻለቃው ይህን ያህል ረጅም ነገር የተናገረ አልመሰለም።

ዘበኛው ሽቦውን ከፈተለት። እንዳላማው ዱላውን እንደያዘ፣ እንዳይሮጥ እግሩን እየለመነ ወረደ፤ ጀርባው ጥይት ይጠብቃል። ኳሷን ያገኛት ወዲያው ነው። ረግጦ ጭቃ ውስጥ ቀበራትና ጎንበስ ብሎ መፈለጉን ቀጠለ። እየፈለገ ወንዙን ተሻገረ፣ እየፈለገ ዳገቱን ወጣ፣ እየፈለገ ጥዱ ውስጥ ገባ። ታዛዥ ሰው ነውና፣ ስላላገኛት አልተመለሰም። ኮንቴውም ዝናብ እስኪያባርረው ድረስ ቆሞ የአገሬውን ትጋት ሲያደንቅ ነበር አሉ።

በማግስቱ ይጁቤ ሲደርስ ሚስቱ የብርጓል፣ ደጃቸው ላይ ገብስ ታበጥራለች። ስታየው ሰፌዱ ከእጇ ወደቀ።

«ፈቱህ?»

«ኳስ ፈልግ ብለው ላኩኝ።»

የከሳ ፊቱን አየች፤ ትከሻው ላይ ያጋደመውን የብረት ዱላ አየች። «እኔ ሞተ ብዬ ደረቴን ስደቃ፣ አንተ ጨዋታ ላይ ነበርክ?»

ሊስቅ ሲል እንባ ቀደመው። ያን ጊዜ ቀርባ ፊቱን በነጠላዋ ጠረገችለት።

«መጥተው ቤቱን ያቃጥሉታል፣ የብርጓል። ወደ ወንድምሽ እንሂድ።»

ቤቱን ዞር ብላ አየችው። ሙሽራ ሆና የገባችበት ነው። «ያቃጥሉት» አለች፤ «ገብሴን ግን አይበሏትም።»

የቻሉትን ያህል አህያው ላይ ጭነው ወደ አበረ መንገድ ጀመሩ፤ እሱ እስር ቤት ያየውን ሊነግራት፣ እሷ እሱ በሌለበት ጎረቤት የተናገራትን ልትነግረው፣ አፍ ለአፍ እየተሻሙ።