የአባቴ ልብ ቀድሞ ተለካ

አባቴ አንለይ ኮረንቲ የሚባል ነገር አይወድም። ባሕር ዳር ሐኪም ቤት፣ ሲስተር ልዕልት በእናቴ አንገትና ጎን ላይ ሽቦ ያለበትን ፕላስተር ልትለጥፍ ስትል «ትንሽ ኮረንቲ እናሳልፋለን፤ አይሰማም» ብትለው ብድግ አለ።

«በሚስቴ ገላ? መጀመሪያ በኔ ይለፍ!»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ልዕልት ግን ጨዋ ናት፤ ማተቡን ገፋ አድርጋ እየለጠፈችለት አስረዳችው። ኮረንቲው ደም ውስጥ ሲሄድ ይቀለዋል፤ ልብ ደም በገፋ ቁጥር መንገዱ ይከፈትለታል፤ መሣሪያው ከዚያ ተነሥቶ ልብ በአንድ ምት ምን ያህል ደም እንደሚረጭ ያውቃል። አባቴ ትንፋሹን ውጦ ጠበቀ። ምንም አልተሰማውም።

«ልብዎ የወይፈን ነው፣ አባባ» አለችው።

እናቴ ደብረወርቅ አልጋው ላይ ሆና ሳቀች። እግሯ ካበጠ ወራት ሆኖታል። እኛ ሞኞቹ ሩዝ ስታርም ውሃ ውስጥ ስለምትውል ነው ብለን ቅቤ ስናሽላት ከረምን። እኛ አገር፣ ቁሐር ሚካኤል፣ በክረምት እግሩ የማያብጥ ማን አለ?

የሷ ሲለካ አባቴ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ነበር። ልዕልት ደግማ ለካች፤ ከዚያ ዶክተሩን ጠራች። ልቧ ደክሟል፣ ከሚገባው ግማሹን እንኳ አይገፋም፣ ውሃው ደረቷም ውስጥ ሞልቷል አለን። እናቴ እጄን ያዘች።

«ለአባትሽ እኔ እነግረዋለሁ። አንቺ ዝም በይ።»

ሲመለስ ፈገግ ብላ ጠበቀችው።

«ልክ እንዳንተው ነው አሉኝ። ይልቅ ሂድ፣ ሩዙን አረም ሳይውጠው።»

አመናት። ዋሽታው አታውቅማ! ግንባሯን ስሞ ሄደ።

«ምነው እማዬ?» አልኳት እያለቀስኩ።

«እሱ እያየኝ እንዴት አድርጌ እሞታለሁ?» አለችኝ።

ሳምንት ሳይሞላ አረፈች። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ማንም አልደወለለትም። አጎቴ ቻላቸው መኪና ተኮናትሮልን፣ አስከሬኗን ጭነን ሐሙሲት ከተማን አልፈን ወደ ቁሐር ገባን።

አባቴ ሩዙ መሃል ጎንበስ ብሎ ያርማል። መኪናውን ሲያይ ቀና አለና ጭቃውን እየረገጠ ወደኛ ሮጠ። ፊቱ በርቷል። ድና የመጣች መስሎታል። ቻላቸው አንገቱን ደፋ፤ እኔ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ወተፍኩ።

አባቴ ከሩቅ ጮኸ፦

«ቀስ አድርጋችሁ አውርዷት! እግሯን ያማታል!»