የቬራ ሊንድግረን ተቃውሞ

በእኛ ሴኔት አብዛኛው ሕግ የሚያልፈው በዝምታ ነው። ለመቶዎቹም ሴናተሮች ቢሮ አንድ መልእክት ይላካል፤ ይህን ረቂቅ የሚቃወም ካለ እስከዚህ ሰዓት ይደውል ይላል። ማንም ካልደወለ አንድ ሴናተር ባዶ አዳራሽ ውስጥ ቆሞ ርዕሱን ያነባል፣ አለቀ። አንድ ቢሮ ከደወለ ግን ረቂቁ ይታገዳል። የደወለው ሰው ምክንያቱን የመናገር ግዴታ እንኳ የለበትም። ይህን አሠራር በሴናተር አማካሪነት አሥራ አንድ ዓመት ስረግመው ኖሬአለሁ። የተራበ ከተማን ዕጣ ለአንድ የስልክ ጥሪ የሚተው ምክር ቤት ምክር ቤት ነኝ ለማለት አያፍርም?

ከገና በፊት በነበረው የመጨረሻ ሐሙስ ተራው የእኔ ረቂቅ ሆነ። ሦስት ዓመት የደከምኩበት ነው። ስለ ሱዳን ጦርነት ሁለት ነገር ይላል። ለተከበበችው ለኡም ዳሊብ ከተማ ከድንበር ማዶ እህልና መድኃኒት የሚገባበትን በጀት ይፈቅዳል፤ ከሁለቱም ወገን መንገድ በሚዘጉ አዛዦች ላይና ከእነሱ ጋር በሚነግድ ሁሉ ላይ በአንቀጽ ስድስቱ ማዕቀብ ይጥላል። ረቂቁን ያቀረቡት አለቃዬ ሴናተር ሎርና ፕሬውት ጡረታ ሊወጡ ነው። ምክር ቤቱ በዚያው ቀን ይበተናል፤ እስከዚያ ያላለፈ ረቂቅ ሁሉ ይሞታል። የታችኛው ምክር ቤት እስከ ማታ ስለሚቀመጥ፣ እኛ ካሳለፍነው ወዲያው ሊያጸድቀው ቃል ገብቷል። የቀረን ማንም ሳይደውል ዘጠኝ ሰዓት እንዲሞላ ብቻ ነበር።

ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ስልኩ ጮኸ።

«ራስል፣ ቬራ ነኝ። ረቂቅህን አግደነዋል።»

ቬራ ሊንድግረን የአንድ ስንዴ አብቃይ ክፍለ ግዛት ሴናተር አማካሪ ናት። እዚህ ሕንፃ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሠርታለች።

«ለምን?» አልኩ።

«አንቀጽ ስድስት።»

«አንቀጽ ስድስት ምን ሆነ? ለነፍሰ ገዳዮች አዘናችሁላቸው?»

«ምድር ቤት ምሳ እየበላሁ ነው። ና፣ ግን አንብበኸው ና።»

አላነበብኩትም። የራሴን ጽሑፍ በቃሌ አውቀዋለሁ ብዬ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወረድኩ። ቬራ የምክር ቤቱ ምግብ ቤት በየቀኑ የሚያቀርበውን የቦሎቄ ሾርባ ይዛ ብቻዋን ተቀምጣለች።

«ስንዴያችሁ ካልተሸጠ ሰው አይብላ ነው አይደል?» አልኳት። ሦስት ጠረጴዛ ዞር ብሎ አየን።

«ስንዴው የሚገዛው ከእኛ ነው። አምስተኛው ገጽ ላይ ጽፈኸዋል» አለች ማንኪያውን ሳታስቀምጥ። «የራስህን ረቂቅ ረሳኸው እንዴ? ተቀመጥ፣ ጌታው፤ ሾርባዬ ውስጥ ምራቅህን አትርጭብኝ።»

ተቀመጥኩ።

«እህሉን የሚጭኑት መኪናዎች የማን ናቸው?»

«ሃሩን በሺር የሚባል ነጋዴ።»

«ሃሩን በየኬላው ለማን ነው የሚከፍለው?»

መልሱን አውቀው ነበር።

«ለአዛዦቹ» አለች። «አንቀጽ ስድስትህ ደግሞ ለአዛዦቹ ሰባራ ሳንቲም የከፈለን ሁሉ ያግዳል። ሕጉ በወጣ ማግስት ለዚያ ሰውዬ ነዳጅ የሚሸጥለት የለም፣ ጎማ የሚሸጥለት የለም። ታዲያ እህሉን አንተ በጀርባህ ልታደርሰው ነው?»

«ሌባ ነው እኮ! ጦርነቱ ያደለበው ሌባ!»

«ሌባ ነው። መኪና ያለው ግን እሱ ነው።»

ይህን ከእርሷ በፊት የነገሩኝ ነበሩ። በሚያዝያ የእርዳታ ሰዎች ቢሮዬ ድረስ መጥተው አንቀጹን አላላው ብለው ሲለምኑኝ ፈሪዎች ብዬ መለስኳቸው። አንቀጽ ስድስትን የጻፍኩት የኡም ዳሊብ ገበያ በመድፍ በተመታበት ሳምንት ነው፤ አንድም ቃል ያልነካሁት ትክክል ስለሆነ ሳይሆን ሳነበው ደስ ስለሚለኝ ነበር። የሚያስገቡትን መኪናዎች አስሬ እህል እንዲገባ አዝዣለሁ። ከዚህ የባሰ ጅልነት ከሌላ ሰው ቢሮ ቢወጣ ኖሮ ጋዜጣ ላይ አወጣው ነበር።

«ምን ይሻላል?» አልኳት።

«አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምር። ምግብና መድኃኒት ለማጓጓዝ የሚፈጸም ክፍያ አይታገድም በል።»

«ያንን ይዞ መሣሪያ ይጭንበታላ!»

«እንግዲያው በየስድስት ወሩ የሚታደስ ፈቃድ አድርገው። መሣሪያ ሲጭን የተያዘ ቀን ፈቃዱ ይቅርበት። ይኼው እስክሪብቶ።»

የወረቀት ፎጣ ላይ ጻፍኩት። ሁለት ቃል ሰረዘችብኝ፤ ሁለቱም «አረመኔ» የሚሉ ነበሩ። ለአለቃዬ ደውዬ አነበብኩላቸው።

«እሷ ናት ትክክል?» አሉኝ ሴናተር ፕሬውት።

«አዎ።»

«ጮህክባት?»

«ትንሽ።»

«ይቅርታ ጠይቃትና ሩጥ፣ አንተ ልጅ!»

ይቅርታ ጠየቅኋት። ቬራም ስልኳን አንስታ እገዳውን አነሳች።

የተሻሻለው ረቂቅ ለመቶዎቹ ቢሮዎች እንደገና ተላከ፤ ቀነ ገደቡ አሥር ሰዓት ተኩል። ወንበሬን ስልኩ አጠገብ ስቤ ተቀመጥኩ። አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ ጮኸ። አፈፍ አድርጌ አነሳሁት። የሴናተሯ ባል ናቸው፤ ሎርና ለእራት ዶሮ ይሻላታል ዓሣ ብለው ይጠይቃሉ።

«ዶሮ!» ብዬ ዘጋሁባቸው።

ሌላ የደወለ የለም። ወደ አዳራሹ ሮጥኩና ግድግዳው ሥር ካለው የሠራተኞች መቀመጫ ደረስኩ። ቬራ ቀድማኛለች። ውስጥ ሦስት ሴናተሮች ብቻ ነበሩ፤ አንዱ ያዛጋል። ሴናተር ፕሬውት ቆመው ርዕሱን አነበቡ።

«ተቃውሞ አለ?» አለ ሰብሳቢው። ቀና ብሎ እንኳ አላየም። «ተቃውሞ የለም። ጸድቋል።»

ሃያ ሰከንድ አልሞላም። ክራባቴን አላላሁ።

«አሁንም ይህን አሠራር ትረግመዋለህ?» አለች ቬራ በሹክሹክታ።

«እረግመዋለሁ። ዛሬ የደወሉት እርስዎ ሆኑ። የሚቀጥለው ደዋይ አንድ አህያ ቢሆንስ?»

«ልክ ነህ» አለች። «ግን የሚቀጥለውን ረቂቅ ከመላክህ በፊት ለእኔ አሳየኝ። ወር ቀደም ብለህ።»

የታችኛው ምክር ቤት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ድምፅ ሰጠ። ወደ ቢሮ ስመለስ ሴናተር ፕሬውት በካርቶን መሐል ቆመው መጻሕፍት ያሽጉ ነበር።

«አለፈ?»

«አለፈ። ሃሩን መኪናዎቹን ሰኞ መጫን ይጀምራል።»

አንዱ ካርቶን ላይ ቁጭ አሉ። ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ዘረጉና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። እኔም አጠገባቸው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ስልኩም አልጮኸም። በዚያ ቀን ሳልፈራ ያዳመጥኩት ዝምታ ይኼ ብቻ ነው።