ከምሳ በኋላ ቡና የለም

ደረጃ መውጣት ያቃተኝ ከፋሲካ በኋላ ነው። ደረጃ ስላችሁ ፎቅ እንዳይመስላችሁ፤ የመጋዘናችን በር ላይ ያለችው አራት እርከን ናት። ወንዶቹ ጆንያ ተሸክመው እየሮጡ ይወጡባታል። እኔ ባዶ እጄን ሁለተኛዋ ላይ ቆሜ ግድግዳ እይዛለሁ። ቡና ለቃሚዎቹ ሴቶች አይተው ዝም አይሉም።

"ቲቲ አረገዘች።"

"ከማን?" አልኳቸው።

"እሱን አንቺ ንገሪን እንጂ!"

"ከምስር ወጥ ነው" አልኳቸው። ሳቁ። እኔ ግን እውነቴን ነበር።

ባለፈው ክረምት እናቴ በሳንባ ምች አልጋ ያዘች። ያኔ ተሳልኩ። ሰው ጃንጥላ ይሳላል፣ ሻማ ይሳላል። እኔ ለጃንጥላ የሚሆን ስላልነበረኝ ሆዴን ተሳልኩ፦ እናቴ ከዚያ አልጋ ከተነሳች፣ ከመስቀል እስከ መስቀል ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል በአፌ አይዞሩም። ተነሳች። አሁን በሰፈራችን በአወቱ መንደራ ከእሷ የበለጠ ድምፅ ያላት ሴት የለችም። እኔ ደግሞ በሁዳዴ ከሰው ጋር ጾምኩ፤ ፋሲካ ሲመጣ ሰው ዶሮውን ሲበላ ብቻዬን ሽሮዬ ላይ ቀረሁ።

"በሃምሳው ጾም የለም" ትላለች እማ። "ቤተ ክርስቲያን ያልጣለችብሽን ማን ጣለብሽ?"

"ጾም አይደለም፣ ቃል ነው። ጧት በልቼ አይደል የምወጣው?"

"ለቄሱ ንገሪያቸው፤ ይፍቱሽ።"

"ቄሱን ያማከርኳቸው ስሳል ነው እንዴ?"

እንዲህ ስላት ወደ ጀበናዋ ትዞራለች። ደግነቱ፣ መልስ የማጣው እምብዛም ነው። መጥፎነቱም እሱ ነው።

ድካሙን እችለው ነበር። ያልቻልኩት የምላሴን ነገር ነው። እኔ በመጋዘኑ የቅምሻ ክፍል ስኒ አጣቢ ነኝ። ቀማሹ ጋሽ አባቦራ ከየናሙናው በማንኪያ ስበው፣ ምገው፣ ይተፋሉ፤ "ይሄ ንጹህ ነው፣ ይሄ ቦክቷል፣ ይሄ ሲደርቅ ዝናብ አግኝቶታል" ይላሉ። እኔ ስኒዎቹን ከማጠቤ በፊት ትርፍራፊውን እቀምሳለሁ፤ እሳቸው ያሉትን በአፌ እፈልጋለሁ። እንዲህ ነው የተማርኩት። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፤ ማንም ቁጭ አድርጎኝ ቢሆን ኖሮም ትዕግሥት አልነበረኝም። አንድ ቀን ስኒ እያጠብኩ "ይቺኛዋ ጆንያ ጆንያ ትላለች" አልኩ፤ ለራሴ ነበር ያልኩት። ጋሽ አባቦራ ዞር ብለው አዩኝ፣ ስኒዋን ተቀበሉኝ፣ ማጉ፣ ተፉ። ምንም አላሉም። በማግስቱ ከማንኪያዎቻቸው አንዱ በእኔ በኩል ተቀምጦ ነበር።

ምክትላቸው አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ሊሄድ ሆነ። ወንበሩን የሚፈልጉ ሁለት ነን፦ እኔና ያቤፅ፤ እሱ እዚሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ እርሻ የተማረ ልጅ ነው። "ሁለታችሁንም እፈትናለሁ" አሉ ጋሽ አባቦራ። "ወረቀት አይቀምስም፤ ምላስ ነው የሚቀምሰው።" በዚያ ሰሞን ምላሴ እንደተላጠ ድንች ልሙጥ ሆኖ ነበር። ትኩስ ነገር ያቃጥለዋል፤ ከማቃጠሉ በቀር ምንም አይነግረኝም። የሊሙውም የየቡውም ቡና አንድ ሆነብኝ፤ ሁለቱም ሙቅ ውሃ።

ከውሰር ጋ ሄድኩ። ከውሰር የሰፈሬ ልጅ ናት፤ አብረን ጭቃ አቡክተን ነው ያደግነው። አሁን ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። የዐይኔን ሽፋን ገልብጣ አየችና "ሱብሃነላህ፣ ወረቀት መስለሻል" አለችኝ። ደም ወሰደች፤ የቀረኝንም ጨረሰችው። ደም ማነስ ነው፣ አይረን የለሽም ብላ ኪኒን ሰጠችኝ። የምትለኝ ብዙ ነገር ነበራት። "አውቃለሁ፣ ስልኬ ላይ አንብቤያለሁ" ብያት ወጣሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እማ ሥራ አገኘች። ጧት ቁርሴን ስጨርስ ኪኒኑን በአንድ መዳፏ፣ ስኒውን በሌላው ይዛ ከፊቴ ትቆማለች። "በሙቁ ይወርድልሻል።" ጨው ጣል ያለበት ወፍራም ቡና ነው። ኪኒኑን እውጣለሁ፣ ሁለተኛውን ስኒ እደግማለሁ፣ ወደ ሥራ እሄዳለሁ። ምሳ ላይ ምስር፣ ከምስሩ በኋላ ከለቃሚዎቹ ጋር ቡና። ማታ ጎመን፣ ከጎመኑ በኋላ የእማ ቡና። ጅማ ውስጥ ምግብ በቡና ካልተዘጋ እንደተበላ አይቆጠርም። ሳምንታት እንዲህ አለፉ። ከኪኒኑ ያተረፍኩት የሆድ ቁርጠት ብቻ ነው። ደረጃዋ አሁንም አራት ናት፤ እኔም አሁንም ሁለተኛዋ ላይ ነኝ።

ለፈተናው ጥቂት ቀን ሲቀረው ተመልሼ ከውሰር ጋ ሄድኩ፤ ተናድጄ።

"ኪኒንሽ ውሸት ነው።"

"በምንድን ነው የምትውጪው?"

"በምን ይዋጣል? በቡና።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ወላሂ ልገድልሽ ነው። ቡና አይረኑን ይይዘዋል እኮ፣ ወደ ደምሽ እንዲገባ አይፈቅድለትም። የኪኒኑን ብቻ አይደለም፣ የምስሩንም፣ የጎመኑንም። ሥጋ ለሚበላ ሰው እንኳ ጥሩ አይደለም፤ ላንቺማ! ልነግርሽ አፌን ስከፍት 'አንብቤያለሁ' ብለሽኝ አልነበር የወጣሽው?"

ነበር።

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"ከምግብና ከኪኒን ቡናን አርቂው፤ ሁለት ሰዓት ያህል። ምስርሽ ላይ ሎሚ ጭመቂበት፣ ሎሚ ያስገባዋል። ቀይ ጤፍ ብዪ። ኪኒኑን በሎሚ ውሃ ዋጪ።"

"ቅዳሜ ፈተና አለብኝ።"

"ቅዳሜ ምንም አይደርስልሽም፣ ቲቲ። ወር፣ ሁለት ወር ነው።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ወይም ስዕለቱን ዺሲ፤ ተይው በቃ። እግዚአብሔር እንዳንቺ ክርክር አይወድም።"

ወደ ቤት ስመለስ ለእማ ምንም አልነገርኳትም። እንዴት ብዬ ነው የምነግራት? ያቺ ሴት ያን ስኒ ስታመጣልኝ ፊቷ ላይ የሚታየውን አላያችሁትም።

ዓርብ አመሻሽ ላይ ከሥራ ስገባ ቤቱ ሸተተኝ። ጉበት ነው፤ በሽንኩርትና በቃሪያ የተጠበሰ። እማ ትሪው ላይ አድርጋ፣ ክዳን ከድና፣ እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው ልብሷን ቀይራ ተቀምጣለች።

"ብዪ።"

"እማ።"

"ነገ ፈተና ነው። ዓርብም ቢሆን ሃምሳው አልወጣም። ሰፈሩ ሁሉ ጉበት ደም ይተካል ይላል። ስዕለቱ ለእኔ ነው፤ የዳንኩት እኔ ነኝ፤ እኔ ፈትቼሻለሁ።"

"ስዕለት የሚፈታው የዳነው ሰው ነው እንዴ? ደግሞ ዛሬ በልቼ ነገ ደም የሚሆን ጉበት የት አገር አለ?"

"አልጋ ላይ ሆኜ ስታገላብጪኝ አልከበድኩሽም ነበር" አለች ቀስ ብላ። "አሁን ነው የከበድኩሽ። በየቀኑ ስትገረጪ አይሻለሁ። እኔ የተነሳሁት ይሄን ለማየት ነው?"

እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት። ደክሞኝ ነበር፤ ሽታው አፌን ውሃ ሞልቶት ነበር፤ በራሴ ምራቅ ተናድጄ ነበር።

"ያገረጣኝ ስዕለቱ አይደለም፣ የአንቺ ቡና ነው!" አልኳት። "ከውሰር ነገረችኝ። ኪኒኑን በቡና እያስዋጥሽኝ ገደልሽው። ምስሩንም፣ ጎመኑንም፣ ሁሉንም!"

እማ የጉበቱን ትሪ አነሳችና ለጎረቤታችን ለናዝራዊት ልጆች ይዛላቸው ሄደች። ስትመለስ ለእራት የተጣደውን ጀበና ከከሰሉ ላይ አወረደችው። ተጋደመች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያን ጊዜ አልጋ ላይ እንደነበረችው።

ጧት ስነሳ ሎሚ የተጨመቀበት አንድ ብርጭቆ ውሃና ኪኒኑ ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። እሷ ጓሮ ልብስ ታጥባለች። "እማ፣ ልሄድ ነው" አልኳት። "መድኃኔዓለም ይከተልሽ" አለች፤ ቀና አላለችም።

ፈተናው ቀላል ነው፤ ምላስ ላለው ሰው። ሦስት ሦስት ስኒ ይደረደራል። ሁለቱ አንድ ዓይነት ቡና ናቸው፤ ሦስተኛዋ ሌላ ናት። እሷን ማውጣት ነው። ያቤፅ ከጎኔ ቆሟል። ልጠላው ብዙ ሞክሬያለሁ፤ አልመች አለኝ። ስኒ ሲያቀብለኝ "አመሰግናለሁ" የሚል እሱ ብቻ ነው፤ ሥራውንም ያውቃል። ስኒ ሳጥብ ሳየው ከርሜ አንድ ነገር አውቄበታለሁ፦ ልዩዋን ስኒ ሲያገኛት ጆሮው ይቀላል። ፊቱ አይለወጥም፤ ጆሮው ብቻ።

በመጀመሪያው ረድፍ አፍንጫዬ አወጣኝ፤ አንዷ ስኒ ሽታዋም ከእህቶቿ የራቀ ነበር። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ማግሁ። አቃጠለኝ። ሁለተኛዋን ማግሁ። አቃጠለኝ። ሦስተኛዋን። ሁሉም ያው ሙቅ ውሃ ነው። የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዣለሁ። ቀና ስል ያቤፅ መካከለኛዋ ስኒ ላይ ነው። ጆሮው እንደ በሰለ የቡና ፍሬ ቀልቷል።

"ቲቲ፣ የትኛዋ ናት?" አሉ ጋሽ አባቦራ።

መካከለኛዋ ናት። አፌ ላይ ደርሳለች። ማን ያውቅብኛል? ግን ሰኞ በዚያ ወንበር ተቀምጬ የማንን ጆሮ ልመለከት ነው? ገበሬው ዓመት የለፋበትን ቡና "ቦክቷል" ብዬ ልጥለው ወይም "ንጹህ ነው" ብዬ ላሳልፈው ነው። እኔ በሰው ጆሮ ቀምሼ አላውቅም።

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። "አላወቅኋትም፣ ጋሽ አባቦራ።"

"ቀጣዩን ረድፍስ?"

"እሱንም አላውቀውም። ምላሴ የለም።"

"የት ሄደ?"

"ቡና በላው" አልኳቸው፤ ነገሩን ከስዕለቱ ጀምሬ እስከ ኪኒኑ ነገርኳቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ።

"ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ! እኔ ከእናቴ ጡት ቀጥሎ የማውቀው ቡና ነው። እኔን ለምን አልበላኝም?"

"እርስዎ ሥጋ ይበላሉ።"

"እሱስ ልክ ነሽ" አሉና ሳቁን ተዉት። "ወንበሩ የያቤፅ ነው። አዲሱ ቡና ሲገባ ግን ሥራ ይበዛል፤ ሌላ ሰው ያስፈልገኛል፤ ያኔ እንደገና እፈትናለሁ። ማንኪያውን አትመልሺ።"

"ሃዬ፣ እሺ" አልኩ። ከዚያ ስኒዎቹን አጠብኩ። ያቤፅ ሊያግዘኝ እጅጌውን ሲሰበስብ "ወንበርህ ላይ ተቀመጥ" አልኩት። ደግነቴ ነው፤ እሱ ግን ስድብ መሰለው።

ቤት ስገባ እማ ምን ሆንሽ አላለችኝም። አይታኛለች። ምስር አቀረበች፣ በላዩ ላይ ሎሚ ጨመቀች፣ በላሁ። ስጨርስ እንደ ልማዴ ወደ ከሰሉ አየሁ። አመድ ነው።

"ያንቺን እንኳ ጠጪ እንጂ" አልኳት። "አንቺ ምን አደረግሽ?"

"ብቻዬን አልጠጣም።"

"እማ፣ ትናንት ያልኩሽ…"

"ዝም በይ፤ ምግቡ ይስማማሽ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ሕግ ወጣ። በማግስቱ ምሳ ሲያልቅ ናዝራዊት እንደ ወትሮዋ ስኒዋን ልትጠጣ ገባች። እማ ቡናው ቀርቶባት ራስ ምታቱ አናቷን ሊፈልጣት ስለደረሰ በሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራዋለች።

"ከምሳ በኋላ ቡና የለም። በዘጠኝ ሰዓት ነይ።"

ናዝራዊት በሩ ላይ ደረቀች። "ተጣላን እንዴ?"

"አልተጣላንም።"

"በእድር ያስቀየምኩሽ ነገር አለ?"

"የለም አልኩሽ እኮ።"

"ታዲያ በጅማ ምድር፣ ቡና ላይ ተቀምጠን፣ ቡና የለም ማለት ምን ማለት ነው?"

"የልጄ ደም አልቋል ማለት ነው" አለች እማ።

ወሬው ሰፈሩን ዞረ። ግማሹ ጴንጤ ሆኑ አለ፣ ግማሹ ሰስተው ነው አለ። መጋዘን ውስጥም ለቃሚዎቹ ከምሳ በኋላ ሲጠጡ እኔ ፈንጠር ብዬ የውሃ ኮዳዬን ይዤ እቀመጣለሁ። "ኩራቷ ጨመረ" ይላሉ። ይበሉ። ለመመለስም ጉልበት ይጠይቃል። የደከመ ሰው ጨዋ ይመስላል፤ እኔም ሰሞኑን ጨዋ ተብያለሁ።

ክረምት ገባ። በየቀኑ ያው ነው፦ ኪኒን በሎሚ ውሃ፣ ምስር በሎሚ፣ ጎመን በሎሚ። የሎሚውን ጣዕም አላውቀውም፤ እማ ስትጨምቀው አያለሁ እንጂ። አንዳንድ ቀን ስዕለቱ ይመረኛል። አንዳንድ ቀን በሥጋ ቤት በር ሳልፍ ከመስቀል ጋር እጣላለሁ፤ ምነው መስከረም ላይ ባልሆንክ፣ ሐምሌ ላይ በሆንክ እለዋለሁ። ደረጃዋን ግን አንድ ቀን አራተኛዋ ላይ ደርሼ ነው ግድግዳ አለመያዜ ትዝ ያለኝ። ለማንም አልተናገርኩም።

ዝናቡ ቆርቆሮውን በሚደበድብበት አንድ ቀን ምሳ ቀረበ። እማ ሻሿን አስራ ከፊት ለፊቴ ተቀምጣለች፤ ዘጠኝ ሰዓት እስኪደርስ ትጠብቃለች። ጎረስኩ። አኘክሁ። ጉንጬ ተኮማተረ፣ አንድ ዐይኔ በራሱ ጊዜ ተጨፈነ።

"እማ" አልኩ፣ "ሎሚው በዝቷል።"

እጇ ትሪው ላይ እንዳለ ቀረ። አየችኝ።

"በዝቷል? ትናንት ያደረግሁትን ነው ያደረግሁት። ከትናንት ወዲያም።"

"በዝቷል አልኩሽ። ማን እንዲህ ይበላል?"

"ሦስት ወር አፍሽን ዘግተሽ ስትበዪ ኖረሽ" አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ፣ ወዲያው ጠገነችው። "ተመስገን ማለት ሲገባሽ ወጤ ላይ እንከን ታወጪልኛለሽ? ብዪ!"

በላሁ። መራራ፣ ጎምዛዛ፣ በመጨረሻው ላይ የልጣጩ ምሬት የቀረበት። እሷ በሻሿ ጫፍ ዐይኗን ጠረገችና ወደ ግድግዳው ሰዓት ቀና አለች። ዘጠኝ ገና ነበር።