ሌንሱ እስኪጠራ

ፎቶ አንሺውን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው «አትጥረገው» በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። በዚያች ወበቃም የወደብ ከተማ፣ ከቀዝቃዛ ክፍል የወጣ ካሜራ ሁሉ ሌንሱ በላብ ይጠመቃል፤ ሰውም ወዲያው የሸሚዙን ጫፍ ስቦ ይወለውለዋል። ያኔ ሰውየው ከመንገድ ማዶም ቢሆን ይጮኻል። «አትጥረገው! ትጭረዋለህ፣ ተመልሶም ያልበዋል። ገና ክፍል ውስጥ ሳለ ፌስታል ውስጥ ቋጥረህ አውጣው፤ ግማሽ ሰዓት ተወው፣ ሙቀቱን ይልመደው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!» ምክሩን የሰማ ብዙ ነው፤ ቆሞ ያጫወተው ግን የለም።

ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ከሱቁ ጀርባ ባለችው አንዲት ክፍል ብቻውን ይኖራል። ኤሲ አለችው፣ ግን አይከፍታትም። ካሜራው እንደ ውጭው አየር ሞቆ ካደረ ጠዋት አያልበውም፤ እሱም አብሮት ሲቀቀል ያድራል። ጠዋት ተነስቶ «እንዴት አደርክ?» የሚለውም ካሜራውን ነው። ይህን ማንም አያውቅበትም፤ ቢያውቅበትም አያፍርም።

ባሕር ማዶ የምትኖረው ልጁ በሄደች በስምንተኛው ዓመት ለሦስት ቀን መጣች። የምትኖርበት አገር ብርዳም ነውና ወበቁ ገና ከበሩ አዞራት። አባት ሱቁን ዘጋ፤ የኤሲዋን አቧራ አራግፎ ከፈተላት፤ አልጋውን ለቆላት መሬት ላይ ፍራሽ ዘረጋ። ወሬው ሲደራ ካሜራው መደርደሪያው ላይ ተረሳ። ግድግዳው ላይ የሰው ሙሽራ፣ የሰው ምሩቅ፣ የሰው ልጅ ተደርድሯል፤ የእሷ የመጨረሻ ፎቶ ግን በትምህርት ቤት ዩኒፎርም የተነሳችው ነው። ዛሬ ፀጉሯን ተቆርጣለች፣ መነጽር አድርጋለች፣ ስትስቅ እናቷን ቁጭ ናት። ከመሄዷ በፊት አንድ ፎቶ፣ አንድ ብቻ ሊያነሳት ፈለገ።

በመሄጃዋ ጠዋት ሻንጣዋን በረንዳው ላይ አድርጋ መኪና ስትጠብቅ ካሜራውን ይዞ ወጣ። ወደ ዓይኑ ቢያስጠጋው ልጁ የለችም፤ ነጭ ጉም ብቻ።

«ምነው አባዬ?»

«አላበው። ሰውን ሁሉ ሳስተምር ኖሬ፣ እኔው ብርድ ውስጥ አሳድሬው!» እጁ ሳያውቀው ሸሚዙን ጎተተ።

«አትጥረገው!» አለች ልጁ። ሁለቱም ሳቁ።

ደውላ ሹፌሩን ግማሽ ሰዓት ቆይቶ እንዲመጣ ለመነችው። ከዚያ በላይ መቆየት አትችልም፤ አውሮፕላን አይጠብቅም። ካሜራውን መሀል አድርገው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ሥራዋ፣ ስለ ኪራይ ቤቷ፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም አውርተዋል። ሁለቱም የሸሹት ነገር አሁን ተነሳ።

«እማዬ ስትታመም ለምን ቶሎ አልነገርከኝም?»

«ፈተና ላይ ነበርሽ።»

«ፈተናውን እኮ በሚቀጥለው ዓመት እወስደው ነበር።»

ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። «አጠፋሁ፣ ልጄ» አለ። ይህን ቃል ለእሷ ብሏት አያውቅም። ልጁ ራሷን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች። ከቀብሩ ወዲህ ሰው እንዲህ ተጠግቶት አያውቅም።

ሰረቅ አድርጎ ሌንሱን አየው። ጥርት ብሏል። ቶሎ ብሎ መሐረቡን ጣል አደረገበት።

«ጠራ?» አለችው።

«ገና ነው።» ሲዋሽ ድምፁ ቀጠነ።

መኪናው መጥቶ ከደጃፉ ቆመ። ሹፌሩ ጥሩንባ ነፋ። ልጁ ቀና አለችና ሰዓቷን አየች። ትንሽ ሳለች ካሜራውን በፌስታል ጭኗ ላይ ይዛ ደቂቃ የምትቆጥርለት እሷ ነበረች፤ ስንት እንደሚፈጅ ከእሱ እኩል ታውቃለች። መሐረቡን ገለጥ አደረገች። የራሷ ፊት መስታወቱ ላይ ወለል ብሎ ታያት። መልሳ ሸፈነችው።

«አዎ አባዬ፣ ገና ነው» አለችና ትከሻው ላይ ተመለሰች።

ሹፌሩ ደግሞ ነፋ። ያን ቀን ፎቶ የሚባል አልተነሳም።